የናሆም ዋስ

ሰው በተፈጥሮው የራሱ ጣጣ አይበቃውም። ይህን የምላችሁ ተምሬ አይደለም። ፊደል የሚባለውን ነገር የማውቀው እንደ ራስ ደጀን ነው፤ መኖሩን አምናለሁ፣ ወጥቼበት ግን አላውቅም። ነገር ግን ዐይን አለኝ። አገራችንን እዩት እስቲ። ገብሱን ውርጭ የመታበት፣ ላሙ ገደል የገባችበት፣ ከወንድሙ ጋር በድንበር የተካሰሰ ሰው ሁሉ የየራሱን ጭንቅ እንደ ቀንበር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ ስለሚባሉ፣ አይቷቸው ስለማያውቅ፣ ይባስ ብሎ ጭራሽ ስላልተወለዱ ባልና ሚስት እያሰበ ቆሎው አልዋጥ ሲለው ብታዩ ምን ትላላችሁ? ሞኝ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ተነስቼ እጅ እነሳዋለሁ። ለሥጋ ዘመድ ማልቀስ ማንም ያውቅበታል፤ ውርስም አለበት። ላልተወለደ ሰው ማልቀስ ግን ንጹሕ ልብ ይጠይቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ትርንጎ ሳላገባት በፊት ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። ከተጋባን ወዲያ ፊደሏ ጎተራ ውስጥ እንደተረሳ ዘር ተቀምጦ ከረመ። ወንድሟ አስናቀ ዳባት ከተማ ቆርቆሮና ምስማር የሚቸረችር ሰው ነው። እሱ ለአውደ ዓመት ስልክ ሰጣት፤ ያ ዘር በቀለ። በቀለ ስል ጢሻ ሆነ ማለቴ ነው፤ እኔም እዚያው ጢሻ ውስጥ ጠፋሁ።

በስልክ በየክፍሉ የሚለቀቅ ልብ ወለድ አለ። ደራሲው ወንድ ይሁን ሴት አናውቅም፣ ፎቶው የቡና ስኒ ነው። የሚለቀቀው ረቡዕና ዓርብ ነው። እኔ ከዚህ ተነስቼ ሰውየው የደብር ልጅ መሆን አለበት ብያለሁ፤ ሕዝብ በየትኛው ቀን እንደሚራብ አሳምሮ ያውቃል። እኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚባለው ነገር እንደ ዋልያ ከገደል አፋፍ እንጂ ከሜዳ አይገኝም። ስለዚህ ትርንጎ ከመንገዱ በላይ ካለችው ጉብታ ትወጣለች፣ ክፍሉን ታወርደዋለች፣ እሷም ትወርዳለች፤ እኛ ደግሞ አውድማው ላይ ገለባ ተደግፈን እንጠብቃታለን። ታዲያ ስታነብ ማየት ነው! ባለታሪኳ ሜላት ስታለቅስ አፍንጫዋን ትስባለች፤ ባሏ ናሆም ሲዋሽ ድምፁን ታለሰልሰዋለች፤ የናሆም እናት ሲመጡ ደግሞ ነጠላዋን ሳታዛንፍ ታዛንፋለች። ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ደረቷ ውስጥ ይዛ መኖሯን አላወቅሁም። ቤታችን ጠባብ ነው እያልኩ ሳማርር የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ኮንዶሚኒየም ሙሉ ሰው ተሸክማ።

ሰፈሩ ምን እንደሆነ ላውራችሁ። ሜላት መውለድ አቅቷት ስትጨነቅ አንዷ ጎረቤታችን ለእመቤታችን ጧፍ ተሳለች። ሜላት ፀነሰች። ጧፉም ገባ። አሁን ይህ ተአምር አይደለም የሚል ሰው አለ? ከታሪኩ ሥር ደግሞ አንባቢው ሁሉ ምክሩን ይጽፋል። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከዐረብ አገር፣ ሁሉም ደራሲውን እንዲህ አድርገው እንዲያ አድርጋት ይለዋል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እንግዲህ በዚያ ሥር የሚሰበሰበው ሁሉ ቡዳ ነው፣ ከቡዳውም ዋናዋ ሚስቴ ናት።

አሁን ወደ ጠቡ። የሜላት ባል ናሆም ከሥራ ተባረረ። ታዲያ ለሚስቱ አልነገራትም። ጠዋት ጠዋት ከረባቱን አስሮ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ ስሟት ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ ማታ ተመልሶ አለቃዬ ዛሬ አስጨነቀኝ ብሎ ይተነፍሳል። እሷም አይዞህ ብላ እግሩን ታጥበዋለች። አንድ ቀን ደስ ላሰኘው ብላ ምሳውን ቋጥራ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። ዘበኛው አያት፤ አዘነላት፤ ናሆም የሚባል ሰው ከዚህ ከወጣ ከረመ እኮ አላት። ደራሲው እዚያ ላይ ይቀጥላል ብሎ ዘጋው። እናንተዬ፣ ይህ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል?

አውድማው ላይ ዝም አልን። ሴቶቹ የሜላትን ምሳ ዕቃ የተሸከሙ ያህል እጃቸው ዛለ። ዝምታ ደግሞ ለእኔ አይስማማኝም። ሰርግ ቤት፣ ተዝካር ቤት፣ ደቦ ላይ ሰው የሚጠራኝ ለጉልበቴ አይደለም፤ ለአፌ ነው። አፌ ታዲያ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። ናሆም አልተሳሳተም አልኩ። ወንድ ልጅ ነው፣ አፍሮ ነው፣ ሚስቱን እንዳታዝንበት ብሎ ነው አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ወንዶቹ ሲስቁ ግን ሞቀኝና፣ ደግሞስ ሚስት ዳኛ ናት እንዴ፣ ባል ጉዳዩን ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚያቀርብላት ብዬ ጨመርኩበት።

ትርንጎ ስልኳን አጠፋች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ቀስ ብላ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረች።

“እንግዲያስ አንተም ቦርሳ ይዘህ ነው የምትወጣው።”

እኔ ቦርሳ የለኝም። ያለኝ የዘር ስልቻ ነው። ይህን ላስረዳት ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስልኳን መቀነቷ ውስጥ አስገብታ ወንድሟ ዘንድ ዳባት ሄደች። ስትሄድ ለጎረቤት የነገረችው ደግሞ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር የማላውቀው ነገር ካለ፣ ከሱ ጋር ያለሁት እኔ አይደለሁም አለች።

ሚስት ስትሄድ ሰው ያጽናናል። እኔን ማን ያጽናናኝ? ትርንጎ ሄደች ማለት ስልኩ ሄደ፣ ስልኩ ሄደ ማለት ሜላት ሄደች ማለት ነው። አገሩ በሙሉ በእኔ አፍ ምክንያት ፈት ሆነ። ሰላምታ የሚሰጠኝ ጠፋ። ያቺ ጧፍ የተሳለችው ጎረቤቴ፣ ነፍሰ ጡር ሴት በእንዲህ ያለ ሰዓት እንዴት ትጥላለህ ብላ ረገመችኝ፤ ስለ ሜላት ነው እንግዲህ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ቤቱ ውስጥ ያ ሁሉ ድምፅ ሲጠፋ የጎደለችኝ ሜላት አልነበረችም።

ሽማግሌ ላክሁ። መሪጌታ ኅሩይ፣ አያ ሙላውና አያ በሪሁን። መሪጌታ የደብራችን ሊቅ ናቸው። አያ ሙላው ከደባርቅ በላይ ቡይት ራስ የፓርክ ስካውት ሆኖ ጠመንጃ ተሸክሞ ከፈረንጅ ኋላ ሲሄድ የኖረ ሰው ነው። አያ በሪሁን ደግሞ በየእርቁ እያንቀላፋ ለምርቃቱ ብቻ የሚነቃ፣ ለዚህ ችሎታው የተከበረ ሽማግሌ ነው። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አስናቀ ቤት ገባን። ገባን ስል እነሱ ገቡ። አጥፊ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥምና እኔ ውጭ ከጭቃው ግድግዳ ተለጥፌ ቀረሁ። ግድግዳው ስንጥቅ ነበረው፤ እግዚአብሔር ለኃጢአተኛ እንኳ ጆሮ የምታህል ቀዳዳ አይነፍግም።

መሪጌታ ጠባችሁ ከምን ተነሳ ብለው ጠየቁ። ትርንጎ ናሆም የሚባል ሰው ሚስቱን ቢያታልል ጎበዜ፣ እኔን ነው፣ ደግ አደረገ አለ ብላ ተናገረች። መሪጌታ ናሆም የማን ልጅ ነው አሉ። የደራሲው ነው አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ መሰለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ተረት ነው፣ ተነሺ ግቢ ቤትሽ ብሎ ይገላገል ነበር። የኛ አገር ሽማግሌ ግን ሕግ አለው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የጠቡ ሥር ናሆም ከሆነ ናሆም ይሰማ አሉ መሪጌታ። አያ ሙላውም ከመጀመሪያዋ ጀምሪ አላት። ትርንጎ ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች፤ ከክፍል አንድ ጀመረች።

እነዚያ ሽማግሌዎች! ስንት ደም ያስታረቁ፣ ስንት የመሬት ሙግት የፈቱ ሰዎች፣ ሜላትና ናሆም ታክሲ ተራ ላይ ሲተዋወቁ ጉልበታቸውን አቅፈው ዝም። መሪጌታ በየመካከሉ፣ ቆይ ያቺን ደግመሽ በያት እያሉ እንደ ቅኔ ያስደግሟታል። አያ ሙላው የናሆም እናት በገቡ ቁጥር ይቆጣል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳ ይህን አያደርግም ይላል። ለሱ የዓለም ትዳር ሁሉ መለኪያው ጭላዳ ነው። ወንዱ ጭላዳ ጎፈሩን ነስንሶ ጥርሱን ቢያሳይም ቤቱን የያዙት እንስቶቹ ናቸው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነው አለ። አያ በሪሁንስ? አላንቀላፋም። አንዴ ብቻ ትርንጎ ውሃ ልትጠጣ ስታቋርጥ ምነው ተኛሽ እንዴ ብሎ ጮኸባት።

ፀሐይ ዘቀዘቀች። ናሆም ገና ከሥራ አልተባረረም። ሽማግሌዎቹ ዐይናቸውን እየጠረጉ ወጡ። ተነስቼ፣ አባቶቼ እንዴት ሆነ አልኳቸው። መሪጌታ ነገሩ ከባድ ነው አሉ፤ ገና ልጅቷን ሊያገባት ነው። የኔስ ብላቸው፣ ያንተ ይደርሳል ብለውኝ ሄዱ።

በቀጣዩ እሑድ እንደገና። በመካከሉ ባለችው ሳምንት መሪጌታ ዕጣን ልገዛ ነው ብለው ረቡዕም ዓርብም ዳባት ወረዱ። ደብሩን ከዳር እስከ ዳር ቢያጥኑት ያን ያህል ዕጣን አያልቅም። አያ ሙላው ደግሞ ሰው ሲነግረኝ አስጎብኚውን እያስተረጎመ ለፈረንጆቹ የሜላትን ነገር ነገራቸው አሉ። ጭላዳ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ለሜላት አዝነው ሄዱ። አስናቀም ጠላዬን ጨረሱብኝ ብሎ ሊያማርር ጀምሮ ነበር፤ አንድ ቀን ተቀምጦ ሰማና እሱም ሱቁን በእሑድ መክፈት ተወ። እኔ ከግድግዳው ጋር ተላምጄ ጭቃው የጆሮዬን ቅርጽ ያዘ።

በሦስተኛው እሑድ ደረስን። ሜላት አውቃለች፤ ናሆም እግሯ ላይ ወድቋል፤ በሆዷ ባለው ልጅ ምሎ ከእንግዲህ አንዲት ነገር አልደብቅሽም ብሏታል፤ እሷ ገና መልስ አልሰጠችም። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፍርዳቸውን ሰጡ። ናሆም አጥፍቷል። ረሃቡን ብቻውን መሸከሙ ፍቅር ቢመስልም ሚስቱን ከቤቷ ባዕድ አድርጓታል። ከአጥፊው ጋር የቆመ ጎበዜም በጥፋቱ ድርሻ አለው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ፍርድ ስሰማ ውስጤ ልክ ነው አለ። አፌ ብቻ ነው ያላመነው።

ትርንጎን ታረቂው አሏት። እሷ ግን አንድ ነገር ጠየቀች። የተጣላነው በናሆም ነው፤ ናሆም ሳይታረም ይሄኛው ታረመ ብዬ እንዴት ልመን፣ ዋስ ይጥራ አለች። ለእኔ ዋስ ወንድሟ አስናቀ ራሱ ቆመ፤ ጠላው እንዲተርፍለት ነው። ለናሆምስ? አዲስ አበባ ያለ፣ እዚህ ዘመድ የሌለው፣ ሥራ ያጣ ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? አያ ሙላው፣ ምስኪን፣ ብቻውን ቀረ አለ። እኔ ሳላስበው ከግድግዳው ኋላ ጮህኩ።

“ለናሆም ዋሱ እኔ ነኝ!”

መሪጌታ አስገቡኝ። ታውቀዋለህ ወይ አሉኝ። እንደ ራሴ አልኳቸው። እንደሱ ከሆነማ ይበልጥ ያሰጋል አለች ትርንጎ። መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ውሉ ታሰረ። ናሆም ሁለተኛ ከሚስቱ አንዲት ነገር ቢደብቅ ጎበዜ አንድ ሙክት ያወጣል፣ ሽማግሌዎቹና ትርንጎ ይበሉታል። እኔም እሺ አልኩ። በልጁ የማለ ሰው ይደብቃል ብዬ አስቤ?

ይቅርታ በባዶ ትከሻ አይጠየቅምና ድንጋይ ልሸከም ወጣሁ። ለራሴ አንዲት ድንቡሽቡሽ ያለች አነሳሁ። መሪጌታ ናሆም በሌለበት የሱንም ዋሱ ይሸከማል አሉ። አንዲት ትንሽ ልጨምር ስል ትርንጎ ከበሩ ብቅ አለችና፣ ያቺ አይደለችም፣ የናሆም ያ ነው ብላ በግ የሚታሰርበትን ጉማጅ ድንጋይ አሳየችኝ። እሱን አንገቴ ላይ ጭኜ እግሯ ሥር ጎነበስኩ። ድንጋዩን ማውረድ የሽማግሌ ሥራ ነው። እሷ ግን አልጠበቀችም፤ በሁለት እጇ ይዛ ራሷ አወረደችው። ጎንበስ እንዳለችም እኔ ብቻ እንድሰማው አድርጋ ተናገረች።

“ጎበዜ፣ እኔ የፈራሁት ናሆምን አይደለም።”

ለሁሉ መልስ ያለው ይህ አፌ ያን ጊዜ የተናገረው አንድ ቃል ነው። አውቃለሁ ብቻ አልኳት።

ቤት ገባች። አገሩ እልል አለ፤ ለእኔ ይሁን ለሜላት አልጠየቅሁም። ረቡዕ ከጉብታው ስትወርድ አውድማው ጢም ብሎ ነበር። መሪጌታም አሉ፤ አያ ሙላውም አለ፤ አያ በሪሁን ከፊት ተቀምጧል። የመጡት ለናሆም ሊጸልዩ ነው ብዬ ነበር። በኋላ ሳይ ግን ዐይናቸው ከትርንጎ ይልቅ ወደ በረቴ ይሄዳል። አስታራቂ ሽማግሌ ባል እንዲያጠፋ ሲመኝ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ትርንጎ አነበበች። ናሆም የጋብቻ ቀለበቱን ሸጦ፣ ሜላት ስትጠይቀው ወደቀብኝ አላት።

ወይ ናሆም! ራሴን ያዝኩ። ሴቶቹ ወይኔ ሜላት አሉ። አያ ሙላው ምንም ሳይል ቢላዋውን ድንጋይ ላይ መሳል ጀመረ። ዕለቱ ረቡዕ ነውና ጾሙ አንድ ቀን ዕድሜ ሰጠው፤ ለእኔ ሳይሆን ለበጉ። ሐሙስ ታረደ። የሰባ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሥጋውን እየጎረሱ ለሜላት አለቀሱ፣ ሁለቱንም ከልባቸው። መሪጌታ ሲመርቁ ናሆምን ልቡን ያብራለት አሉ፤ አያ በሪሁን ግን ቀስ ብሎ አይቸኩል አለ።

ዓርብ ደግሞ እውነቱ ወጣ። ለካስ ሜላት ፅንሷ አስጊ ሆኖ ሐኪሙ ለናሆም ለብቻው ነግሮት ኖሯል፤ ቀለበቱን የሸጠው ለሕክምናዋ ነው። ሜላት ባዶ ጣቱን ይዛ አለቀሰች። አውድማው እንደ ስቅለት ሆነ። ትርንጎ አንብባ መጨረስ አቅቷት ሦስት ጊዜ አቋረጠች። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ለበጉ ነበር።

እንባዬን ስጨርስ መሪጌታን ወደ ጎን ጠርቼ በሕጉ ጠየቅኋቸው። ዋስ የከፈለውን ከባለዕዳው ይጠይቃል አሉኝ፣ ፈገግ ሳይሉ። አገር ያወቀው ሕግ ነው አሉ። ደስ አለኝ። ትርንጎ ዘንድ ሄጄ ከታሪኩ ሥር ጻፊልኝ አልኳት፤ ናሆም ሆይ፣ ዋስህ ጎበዜ ነኝ፣ ባንተ ጦስ ሙክቴ ተበልቷል፣ ሥራ ስትይዝ አስበኝ በይው አልኳት።

ስልኳን ጉልበቷ ላይ አኖረች። ዐይኗ ገና እንደ ቀላ ነው።

“ቀለበቱን ሸጦ ሚስቱን ያዳነ ሰው፣ ሥራ የሌለው ሰው፣ ልጁ ሊወለድ የደረሰ ሰው፣ አንተ በግ አምጣ ትለዋለህ?”

እንዴ፣ ደበቀ ያልሽው አንቺ አይደለሽም ወይ ልላት አፌ ተነስቶ ነበር። ናሆምን ደግፌ ሚስቴ ሄዳብኛለች፤ አሁን ደግሞ ናሆምን ነቅፌ ልትሄድብኝ ነው? ነጠላዋ ከተሰቀለችበት አየሁ፤ የዳባት መንገድ ታየኝ፤ ያ ጸጥ ያለ ቤት ታየኝ። አፌን በእጄ ያዝኩት።

ለናሆም በጉን ማርኩት። እሱ ግን እስከ ዛሬ እግዜር ይስጥልኝ አላለኝም።